ረቢው ለቀቁ ማለት ቤቱ ፈረሰ ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ጽሑፍ ላከልኝ። «አንብበውና ምን እንደምታስብ ንገረኝ» አለኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ለሱ ብቻ መመለሱ አልበቃኝም፣ ይኸው ተቀምጬ መጻፍ ጀመርኩ።

ጽሑፉ ፊላደልፊያ ስላለ አንድ ትንሽ አሳታሚ ድርጅት ነው። የአይሁድ ኅትመት ማኅበር ይባላል። ብዙዎች በምህጻሩ ጄፒኤስ ይሉታል። ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ከ1888 ጀምሮ ለእንግሊዝኛ አንባቢ የአይሁድን መጻሕፍት ያሳትማል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ቤቱን ከዐሥር ዓመት በላይ ረቢ ባሪ ሽዋርትዝ መሩት። እሳቸው ሲለቁ ኤልያስ ሳክስ ተተኩ። ሳክስ ከዚያ በፊት ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ፣ ቦልደር የሚያስተምሩ ምሁር ነበሩ።

የጽሑፉ ባለቤት በዚህ ለውጥ ክፉኛ አዝነዋል። ሐዘናቸው ከልብ መሆኑ ይታያል፣ ስለዚህ በአክብሮት ነው የምመልሰው። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ረቢ ወጥቶ ፕሮፌሰር ሲገባ ቤቱ ከምእመኑ ተለየ። እንዲህ ያለ ትንሽ ቤት ማለት መሪው ነውና መሪው ሲሄድ ያበቃለታል። በ2012 ሥራውን ለኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ሲያስረክብ ድሮውንም ሞቷል። መጽሐፍ ቅዱሱን በነፃ መስጠቱ ራሱን መዝረፍ ነው። በመጨረሻም፣ አዲሱ ሰው እግራቸው ከመግባቱ የቅዱሱን ቃል መነካካት ጀመሩ።

እኔ አይሁዳዊ አይደለሁም። የዚህ ቤት መጽሐፍ ግን መደርደሪያዬ ላይ አለ። ፊላደልፊያ ሳለሁ ከአሮጌ መጻሕፍት መደብር ነው የገዛሁት። ያለፈው ባለቤት ስሙን በእርሳስ ጽፎበታል፣ መጽሐፈ ኢዮብ ላይ ደግሞ ቡና ፈሶበታል። ለዚህ ቤት ያለኝ ፍቅር ከዚያ ገጽ ነው የጀመረው። በኋላ እመለስበታለሁ።

ከረቢው ልጀምር። ጽሑፉ «ቤቱ ሁልጊዜ በሃይማኖት አባት ነበር የሚመራው» ብሎ ይነሳል። ይህ ትክክል አይደለም። ከረቢ ሽዋርትዝ በፊት ቤቱን የመሩት ኤለን ፍራንክል ናቸው። ረቢ አልነበሩም፣ የሥነ ጽሑፍ ምሁር ናቸው። ከ1991 እስከ 2009 እዚያ ሠርተዋል፣ መጀመሪያ በዋና አርታኢነት፣ በኋላም በሥራ አስኪያጅነት። ከዚያ በፊትም ረቢ የሆኑ አሉ፣ ያልሆኑም አሉ። ዋና አርታኢው ሰለሞን ግሬዝል ረቢም የታሪክ ሰውም ነበሩ። ከሳቸው ቀጥሎ በ1960ዎቹ አጋማሽ የመጡት ሐይም ፖቶክ የረቢነት ማዕረግ ነበራቸው፣ ዓለም የሚያውቃቸው ግን በልብ ወለድ ጸሐፊነታቸው ነው።

ስለ ረቢነት ከተነሳ ደግሞ ሄንሪዬታ ዞልድን ሳልጠራ አላልፍም። ባልቲሞር የተወለዱ፣ የረቢ ልጅ ናቸው። ማኅበሩ በ1888 ሲቋቋም ከኅትመት ኮሚቴው አባላት መካከል ብቸኛዋ ሴት ነበሩ። በ1893 ደሞዝተኛ ሆነው እስከ 1916 ሠሩ። የሥራ መደባቸው በወረቀት ላይ «የኮሚቴው ጸሐፊ» ይላል። የሚሠሩት ሥራ ግን የዋና አርታኢ ሥራ ነበር። ረቂቅ ያነባሉ፣ ያርማሉ፣ ከጀርመንኛ ይተረጉማሉ፣ ከደራሲ ጋር ይጻጻፋሉ፣ ከአታሚ ጋር ይጨቃጨቃሉ። የታሪክ ጸሐፊው ግሬትዝ ትልቁ የአይሁድ ታሪክ በእንግሊዝኛ ሲወጣ፣ የመጨረሻው ቅጽ ማውጫ ነበር። ያን ማውጫ የሠሩት ዞልድ ናቸው። ማውጫ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ኮምፒውተር የለም። እያንዳንዱን ስም በእጅ እየጻፉ፣ እየደረደሩ፣ የገጽ ቁጥሩን መልሶ እያመሳከሩ ነው። ዓይን የሚያጠፋ ሥራ ነው።

አሁን ይህን አስቡልኝ። አባታቸው ካረፉ በኋላ ዞልድ የአባታቸውን ጽሑፎች ለማሰናዳት መማር ፈለጉ። ኒውዮርክ ወዳለው የረቢዎች ማሠልጠኛ አመለከቱ። የተፈቀደላቸው «ረቢ ልሁን ብዬ አልጠይቅም» ብለው ቃል ከገቡ በኋላ ነው። ዘመኑ 1903 አካባቢ ነው። እንግዲህ ለዚህ ቤት ከማንም በላይ የለፋችው ሰው ረቢ መሆን የተከለከለች ሴት ናት። እና ዛሬ ተነስተን «ረቢ ካልመራው የምእመኑ ቤት አይደለም» ብንል ምን ልናደርጋት ነው? ይቺን ሴት ከታሪኩ ልናወጣት ነው? ይህ ነጥብ ስሜቴን ስለነካው ነው ረዘም ያደረግኩት።

ደግሞም ሳክስ ፕሮፌሰር ይሁኑ እንጂ የምን ፕሮፌሰር እንደሆኑ መጠየቅ ነበረበት። ካጠኗቸው ሰዎች ዋናው ሙሴ ሜንደልስዞን ነው። ሜንደልስዞን በ18ኛው ክፍለ ዘመን በርሊን የኖረ ፈላስፋ ነው። ኦሪትን ወደ ጀርመንኛ ተረጎመ። ከ1780 እስከ 1783 ታተመ። ታዲያ ጀርመንኛውን የጻፈው በዕብራይስጥ ፊደል ነው። እኛ እንግሊዝኛን በሀ ሁ ብንጽፈው ማለት ነው። ለምን? ወገኖቹ የሚያውቁት ፊደል የዕብራይስጡን ስለነበር። አንባቢው ካለበት ድረስ ሄዶ፣ በሚያውቀው ፊደል፣ ወደማያውቀው ቋንቋ አሻገረው።

የጄፒኤስ ሥራም ከዚህ የተለየ አይደለም። ወደ አሜሪካ የመጡ ሰዎች ልጆች ዕብራይስጡ ራቃቸው፣ ይዲሽ የሚባለው የአያቶቻቸው ቋንቋም ጠፋቸው። ቤቱ በእንግሊዝኛ አቀረበላቸው። እና ሕይወቱን ይህን ነገር ሲያጠና የኖረ ሰው ቤቱን ሲረከብ ከምእመኑ መራቅ የሚሆነው እንዴት ነው? ለኔ እንዲያውም ከዚህ የቀረበ ሰው ማግኘት የሚከብድ ይመስለኛል።

ይህ ለኛም ባዕድ ነገር አይደለም። የቤተ እስራኤል ቄሶች ኦሪትን በግዕዝ ያነባሉ፣ ከዚያ ለሕዝቡ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ያስረዳሉ። መጽሐፉ በአንድ ቋንቋ፣ ሰሚው በሌላ ቋንቋ። መሐል ላይ የሚያሻግር ሰው ያስፈልጋል። ቄስ ይሁን፣ ተርጓሚ ይሁን፣ አሳታሚ ይሁን፣ ሥራው ያው ነው።

ወደ ሁለተኛው ልምጣ። «ትንሽ ቤት ማለት መሪው ነው» ይላሉ። እዚህ ላይ የተወሰነ እውነት አላቸው። ትልቅ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጁ ቢሄድ አምስት ምክትል አለው። ትንሽ ቤት ውስጥ ግን ቁልፉም፣ የአታሚው ስልክም፣ የደራሲው ቃልም አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ይህን እኔም በራሴ ደርሶብኝ አይቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ የማኅበረሰብ ድርጅት ውስጥ ሆነን ለልጆቻችን የአማርኛ ተረት መጽሐፍ አሳተምን። ሰብሳቢያችን ደከማቸውና ለቀቁ። ጥሩ ሰው ነበሩ፣ ማንም አላስቀየማቸውም። ግን የመጽሐፉ ፋይል እሳቸው ኮምፒውተር ውስጥ ነበር፣ ኮምፒውተሩም ተበላሽቷል። ሥዕሎቹን የሣለው ልጅ ለድጋሚ ኅትመት ይፍቀድ አይፍቀድ የሚገልጽ ወረቀት የለም። የተረፉት መጻሕፍት የአንድ ሰው ጋራዥ ውስጥ በካርቶን ተደርድረው ክረምቱን ውሃ ገባባቸው። የታችኛውን ካርቶን ስንከፍት ገጾቹ ተጣብቀው እንደ እንጀራ ነበር የሚላቀቁት። ያን መጽሐፍ ዳግም አላሳተምነውም።

ስለዚህ ስጋታቸውን አልንቅም። ግን ልብ በሉ። እኛን የጎዳን የሰብሳቢያችን መሄድ አልነበረም። ሥራው ከሰውየው ውጪ የትም ተጽፎ አለመቀመጡ ነው የጎዳን። የጄፒኤስ ታሪክም ይህንኑ ነው የሚያሳየው፣ ያውም በሁለቱም በኩል።

መጀመሪያ የወደቀውን እንይ። በዚያው በፊላደልፊያ በ1845 አይዛክ ሊሰር የሚባሉ ሰው ተመሳሳይ የኅትመት ማኅበር አቋቁመው ነበር። ሊሰር ብርቱ ሰው ናቸው። ይሰብካሉ፣ ጋዜጣ ያዘጋጃሉ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ብቻቸውን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመዋል። ማኅበሩ በአብዛኛው በሳቸው ትከሻ ላይ ነበር። በ1851 መጨረሻ መጻሕፍቱ ያሉበት ሕንፃ ተቃጠለ። ማኅበሩም በዚያው አከተመ። በ1871 ኒውዮርክ ላይ ሌላ ሙከራ ተደረገ። ብዙም አልቆየ፣ የ1873ቱ የገንዘብ ቀውስ መጣና እሱም ቀረ።

ሦስተኛው የ1888ቱ ነው። ይኼ ቆመ። ምኑ ተለየ? እኔ እንደሚገባኝ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ አባላት ነበሩት። በዓመት 3 ዶላር ይከፍላሉ፣ በለውጡ መጽሐፍ ይደርሳቸዋል። ትንሽ ከተማ ያለ ነጋዴ እንኳ አባል ይሆናል። ያዕቆብ ሺፍን የመሰሉ ባለጸጎችም ረድተዋል፣ ግን ቤቱ የባለጸጋው ብቻ አልነበረም። ሁለተኛ፣ የኅትመት ኮሚቴ ነበረው። ዳኛው ሜየር ሱልዝበርገር ሰብሳቢ ሆነው፣ የትኛው መጽሐፍ ይታተም፣ የትኛው ይቅር የሚለውን ቁጭ ብለው ይከራከሩበታል። አንዱ ቢቀር ሌላው አለ።

አሁን ዞልድን እንደገና ልጥራ። በ1916 ለቀቁ። ጽሑፉ እንደሚለው ከሆነ ቤቱ እዚያው ላይ ማለቅ ነበረበት። ምክንያቱም ከሳቸው በላይ የቤቱ ምሰሶ የነበረ ሰው አልነበረም። የሆነውስ? በማግሥቱ ዓመት፣ በ1917፣ የቤቱ ትልቁ ሥራ ወጣ። ሙሉው የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ በእንግሊዝኛ፣ ማክስ ማርጎሊስ በዋና አርታኢነት የመሩት። ዓመታት የፈጀ ሥራ ነው። ዞልድ እያሉ ተጀመረ፣ ከሄዱ በኋላ ወጣ። እሳቸውም ቤት ገብተው አልተቀመጡም። በ1920 ወደ ፍልስጥኤም ሄዱና ሐዳሳ የሚባለውን የአይሁድ ሴቶች ማኅበር የሕክምና ሥራ ያዙ፣ በ1930ዎቹ ደግሞ ከናዚ ጀርመን ልጆችን የማውጣቱን ሥራ መሩ። መሪ ሲሄድ ለመሪውም፣ ለቤቱም ሌላ ምዕራፍ ሊከፈት ይችላል።

ሁለተኛው ትርጉም ደግሞ ከዚህም የሚገርም ነው። በ1955 ተጀመረ። የመጀመሪያው ክፍል፣ ኦሪት፣ በ1962 ወጣ። ነቢያት በ1978። ጽሑፎች የሚባለው ክፍል በ1982። አንድ ላይ ተጠርዞ የወጣው በ1985 ነው። ሠላሳ ዓመት! ሲጀመር ዋና አርታኢው ግሬዝል ነበሩ። ከዚያ ፖቶክ መጡ። ፖቶክም ወንበሩን ለቀው ከተርጓሚዎቹ ጋር መቀመጣቸውን ቀጠሉ። ሲያልቅ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ነበር። ከተርጓሚዎቹም ፍጻሜውን ሳያዩ ያረፉ አሉ። መጽሐፉ ግን ወጣ።

ሌላም አለ። «የዚህ ቤት ባለቤት ማነው? ባለቤት የሌለው ነገር ለማንም ሲሳይ ነው» ይላሉ። በአሜሪካ ሕግ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ባለ አክሲዮን የለውም። ትርፍ ቢገኝ እንኳ ማንም ተካፍሎ ኪሱ አይከትም። ቦርዱ ነው ዳይሬክተር የሚቀጥረው፣ የሚያሰናብተውም እሱ ነው። በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ የሚያስገባው ቅጽ 990 የሚባል ሰነድ አለ፣ ማንም ሰው አይቶ ማንበብ ይችላል። ገቢው ስንት ነው፣ ዳይሬክተሩ ምን ይከፈላቸዋል፣ ቦርዱ ውስጥ እነማን አሉ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ስጋት ያለው ሰው እሱን ከፍቶ ይመልከት።

ባለቤት ያለው ቤት ደግሞ ምን እንደሚሆን ሾከንን ማየት ነው። ሳልማን ሾከን በ1931 በርሊን ላይ ያቋቋሙት ግሩም አሳታሚ ነበር። ናዚዎች በ1938 ዘጉት። በ1945 ኒውዮርክ ላይ እንደገና ተከፈተ። ዝነኛዋ የፖለቲካ አሳቢ ሐና አረንት እንኳ ለጥቂት ጊዜ እዚያ አርታኢ ነበሩ። በ1987 ራንደም ሐውስ ገዛው። ስሙ ዛሬም መጽሐፍ ላይ አለ፣ ጥሩ መጽሐፍም ይወጣበታል። ግን የሌላ ትልቅ ቤት አንድ ክፍል ሆኗል። ጄፒኤስን እንዲህ ነጥቆ የሚሸጠው ባለ አክሲዮን የለም። ይህ ድክመት ነው የሚሉኝ ከሆነ አልስማማም።

ኔብራስካ እንግዲህ። ጽሑፉ ላይ ከሁሉ የመረረው ቃል እዚህ ላይ ነው። ቤቱ በ2012 «ለእርሻ አገር ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ» ይላል። የሆነውን በቀላሉ ልንገራችሁ። ኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የቤቱን የመጽሐፍ ክምችት ገዛ። ማሳተሙን፣ ማከፋፈሉን፣ ሽያጩን ያዘ። የትኛው መጽሐፍ ይሠራ፣ ማን ይጻፈው፣ እንዴት ይታረም የሚለው ጄፒኤስ እጅ ቀረ። መጽሐፉም በጄፒኤስ ስም ነው የሚወጣው።

መጋዘን ይዞ የማያውቅ ሰው ይህን እንደ ሽንፈት ያየዋል። መጋዘን ምን እንደሚበላ እኛ በጋራዥ አይተነዋል። ኪራይ አለ፣ ማሸጊያ አለ፣ ፖስታ አለ። ከመደብር ተመልሶ የሚመጣ መጽሐፍ አለ፣ ጥጉ የታጠፈ፣ ሊሸጥ የማይችል። አንድ ትንሽ ቤት ይህን ሁሉ ልያዝ ካለ ለአርታኢ የሚሆን ገንዘብ አይተርፈውም። የቤቱ ነፍስ ያለው ደግሞ አርታኢው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሳጥኑን ለሚችል ሰጥቶ ጠረጴዛውን ማስቀረት ሞት አይደለም። ኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስም እንደሱው ለትርፍ ያልቆመ ነው፣ ለባዕድ ነጋዴ አልተሸጠም። ይህን ስምምነት የፈጸሙት ደግሞ ጸሐፊው መሄዳቸውን ያዘኑላቸው ረቢ ሽዋርትዝ ናቸው። እሳቸውን «የመጨረሻው እውነተኛ መሪ» ብሎ፣ ያደረጉትን ግን «ሞት» ማለት አብሮ አይሄድም።

ስለ ነፃው ነገር ብዙ አልልም። የ1985ቱ ትርጉም ሰፋሪያ በሚባለው የአይሁድ ጽሑፎች ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ላይ በነፃ ይነበባል፣ እውነት ነው። ሰፋሪያ ራሱ ለትርፍ ያልቆመ ነው። ማኅበሩ የተቋቋመው እንዲነበብ ነው። ስልክ ላይ ሺዎች ሲያነቡት ዓላማው ተሳካ እንጂ አልተዘረፈም። ደግሞ ሰንበትን አጥብቆ የሚያከብር አይሁዳዊ ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ ስልክ አይነካም። የሳምንቱ ኦሪት የሚነበበው ያኔ ነው። የታተመው መጽሐፍ ያ ቀን አለው፣ ማንም አይወስድበትም።

አሁን ወደ ከባዱ። «አዲሱ ዳይሬክተር እንደገቡ የቅዱሱን ቃል ለወጡ» የሚለው። የሚሉት በ2023 የወጣውን፣ የጾታ አገላለጽን የከለሰውን ዕትም ነው። እዚህ ላይ አንባቢ የሚናደድበት ምክንያት ይገባኛል። የለመዱት ጥቅስ ቃሉ ሲለወጥ ሆድ ይብሳል። እኔም በልጅነቴ በቃሌ የያዝኩት መዝሙር በአዲስ ትርጉም ሲነበብ ጆሮዬን ይቆረቁረኛል።

ግን መጀመሪያ ዓመቱን እናስተካክል። ይኸው ቤት ለኦሪት ብቻ ተመሳሳይ ክለሳ ያወጣው በ2006 ነው። ያኔ የሚመሩት ኤለን ፍራንክል ነበሩ። ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ቃል በቃል መመርመር ደግሞ በአንድ ሰሞን የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ወጥኖ፣ ሰው ቀጥሮ፣ መርምሮ፣ አርሞ ለኅትመት ማብቃት ዓመታት ይፈልጋል። አዲስ ሰው መጥቶ እንዳሻው የጻፈው አይደለም። የ1985ቱም አልጠፋም፣ የፈለገ ያንን ያነባል።

ከዚያ ደግሞ ነገሩን ራሱን እንየው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ይህን ነገር ከፈረንጆቹ በተሻለ መረዳት የምንችል ይመስለኛል። እንግሊዝኛ ግስ ላይ ጾታ የለውም። ዕብራይስጥ አለው። አማርኛም አለው። «አለ» ወይም «አለች» ሳንል ማውራት አንችልም። «ፀሐይ ወጣች» እንላለን፣ ፀሐይን ግን ሴት አድርጎ የሚያስብ የለም። አንዲት የምንወዳትን ትንሽ ቤት «ቤቷ» እንላለን። ሰዋስው ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ዕብራይስጡም ብዙ ቦታ እንዲሁ ነው። የሰዋስው ወንዴነት አለው፣ የሚናገረው ግን ስለ ሰው ሁሉ ነው። የድሮ እንግሊዝኛ ትርጉም ያን ሁሉ «ወንድ» ብሎ ሲያስቀምጠው፣ ለዛሬ አንባቢ ዕብራይስጡ ያላለውን ነገር ይጨምርበታል። ከላሾቹ የጠየቁት ጥያቄ «ይህ ቃል እዚህ ቦታ ላይ፣ ያኔ ለሚሰማው ሰው፣ በእውነት ወንድ ማለት ነበር ወይ?» የሚል ነው። ማለት ከነበረ ወንድ ብለው ይተዉታል። ሰው ማለት ከነበረ ሰው ይላሉ። በሁሉም ምርጫቸው መስማማት አይጠበቅብንም። ጥያቄው ግን የተርጓሚ ጥያቄ ነው፣ ከጥንትም የነበረ።

ይህ ቤት ደግሞ የለመደ ጆሮን መቆርቆር የጀመረው ዛሬ አይደለም። የኦሪትን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ውሰዱ። የ1917ቱ ልክ እኛ እንደለመድነው ነው፤ «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ»። የ1962ቱ ሲወጣ ግን፣ ወደ አማርኛ ስናመጣው፣ «እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን መፍጠር በጀመረ ጊዜ» ይላል። አያችሁ? ዐረፍተ ነገሩ አላለቀም። ምድር ባዶ እንደነበረች፣ ጨለማ እንደነበረ እያለ ይቀጥላል፣ ከዚያ «ብርሃን ይሁን» ይመጣል። ይህ ንባብ ከሰማይ ዱብ አላለም። በመካከለኛው ዘመን የኖሩት ታላቁ ተንታኝ ራሺ ዕብራይስጡን በዚህ መንገድ አንብበውታል። በ1962 አንብቦ የደነገጠ ብዙ እንደነበር አልጠራጠርም። ዛሬ ያ ትርጉም ራሱ ነባር ሆኖ፣ «አትንኩብን» የሚባልለት ሆኗል። ጽሑፉ የሚከላከልለት እኮ እሱኑ ነው።

ወደ መጽሐፈ ኢዮብ ገጽ ልመለስ ብዬ ነበር። ያ ቡና የፈሰሰበት። ከጥቅሱ ሥር በትንንሽ ፊደል የግርጌ ማስታወሻ አለ። «የዕብራይስጡ ትርጉም እርግጠኛ አይደለም» ይላል። ገጹን ገለጥኩ፣ አሁንም አለ። ኢዮብ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። መጀመሪያ ሳየው ግራ ገባኝ። እንዲህ ያሉ ሊቃውንት፣ ሠላሳ ዓመት ተቀምጠው፣ አናውቅም ይላሉ? ውሎ አድሮ ግን ከመጽሐፉ ሁሉ የወደድኩት እሷን ማስታወሻ ሆነ። ቅዱስ መጽሐፍ ላይ የማያውቁትን እንደሚያውቁ አድርገው አልጻፉም። አንባቢውን አከበሩት።

እንዲህ ያለ ልማድ በአንድ ዳይሬክተር አይመጣም፣ በአንድ ዳይሬክተር መሄድም አይጠፋም። ረቂቅ ላይ ከሚከራከሩ ሰዎች፣ የእርማት ቅጂ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ከሚያመሹ ሰዎች ነው የሚመጣው። ዳይሬክተሩ ያን ጠረጴዛ መጠበቅ ይችላል፣ ማፍረስም ይችላል። ስለዚህ አዲስ ሰው ሲመጣ መጠየቅ ያለብንን ጥያቄ ጽሑፉ አልጠየቀም። የተጀመሩትን ረጃጅም ሥራዎች ይጨርሷቸዋል ወይ? ለአርታኢ ይከፍላሉ ወይ? የቆዩት መጻሕፍት ሲያልቁ ዳግም ይታተማሉ ወይ? ወጣት ጸሐፊ በር ቢያንኳኳ ይከፈትለታል ወይ? በ1973 ተከፍቶለት ነበር። ጥቂት ወጣቶች ሻማ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሰንበት እንዴት እንደሚከበር የሚያስተምር፣ በሥዕል የተሞላ የእጅ መጽሐፍ ይዘው መጡ። ለእንዲህ ያለ የተከበረ ቤት የማይመስል ነገር ነበር። ታተመ፣ እናም ከመጽሐፍ ቅዱሱ ቀጥሎ ቤቱ በብዛት ከሸጣቸው መጻሕፍት አንዱ ሆነ።

ጸሐፊው ይህን ካነበቡት አንድ ነገር ልለምናቸው። ቤቱን እንደሚወዱ ከጽሑፋቸው ተረድቻለሁ። እንግዲያው ለቅሶውን ትተው እነዚህን ጥያቄዎች ለቦርዱ ይጻፉ። እኔም ከሳቸው ጋር እፈርማለሁ። ኤልያስ ሳክስንም ከስማቸው በፊት ምን ማዕረግ እንዳለ ሳይሆን፣ ከጠረጴዛቸው ላይ ምን መጽሐፍ እንደወጣ አይተን እንመዝናቸው። ለዚያ ደግሞ ጥቂት ዓመት ይስጧቸው። አንድ የኦሪት ትርጉም እንኳ ሰባት ዓመት ፈጅቷል።